ከመርፌው በፊት አንድ ብልቃጥ ደም

ይድረስ በደቡብና በሰሜን ወሎ ለእንስሳት ጤና ሥራ ኃላፊነት ለተሰጣችሁ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ሳል ለያዛቸው ውርንጭሎች የደም ምርመራ በወረዳ ክሊኒኮች እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ደሴ ውስጥ በአንድ የሰው ጤና ተቋም የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከጧት እስከ ማታ ደም እቆጥራለሁ፣ አክታ እመረምራለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ግን ከጉጉፍቱ ወዲያ በለጋምቦ ደጋ፣ ፈረስ ከቤተሰብ በሚቆጠርበት ቤት ነው። እዚያ እህል ወፍጮ የሚደርሰው በፈረስ ነው፤ ምጥ የጠናባት ሴት አቃስታ ከተማ የምትደርሰው በፈረስ ነው፤ ሙሽራም ለቅሶኛም በፈረስ ይሄዳል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የደሴው ሥራዬና የለጋምቦው ቤቴ በአንድ ውርንጭላ ላይ ስለተገናኙ ነው።

የአባቴ ዳማ ባዝራ የዛሬ ሁለት ዓመት በኅዳር ወንድ ወለደች። ቡላ ነበር፣ እግረ ረጅም። በየካቲት መጀመሪያ፣ ሦስተኛ ወሩን እንደጨረሰ፣ ማሳል ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንም ልብ አላለውም፤ ይጠባል፣ እናቱን እየዞረ ይቦርቃል። እኔ ለዕረፍት ቤት ስደርስ ግን ከጋጣው ግድግዳ ተጠግቶ፣ አንገቱን ወደፊት ዘርግቶ ቆሞ አገኘሁት። አፍንጫው እንደ ወናፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አየር ባስወጣ ቁጥር ከጎድኑ በታች ሆዱ ላይ መስመር ይወጣል። እጄን ደረቱ ላይ ሳሳርፍ ከውስጥ የሚንኮራኮር ነገር መዳፌን ነዘረኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ ምች ነው አለ። ዱዓ የሚያደርጉ ዱዓ አደረጉ፤ አንዲት አክስቴ ዳማከሴ ጨምቀው አፍንጫው ላይ አንጠባጠቡበት፤ ሌላው በጠርሙስ ሊያጋተው ሲል እኔ ለመንኩና ተወ። (ትንፋሽ ያጠረውን እንስሳ ፈሳሽ ማጋት ፈሳሹን ወደ ሳንባው መላክ ነው። ይህን እንኳ ለገበሬው የሚነግረው ሰው በየቀበሌው ቢኖር ብዙ ውርንጭላና ብዙ ጥጃ ይተርፋል።)

ወደ አንድ የወረዳ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው። ያገኘነው ወጣት ባለሙያ ሰነፍ አልነበረም፤ ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ሙቀቱን ለካ፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ነበር። በማዳመጫው ሁለቱንም ጎኑን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያም በእጁ ያለውን ሰጠ፤ ፔኒሲሊን ከስትሬፕቶማይሲን ጋር የተቀላቀለውን፣ ለአምስት ቀን። በስድስተኛው ቀን ለውጥ ስላልታየ ወደ ኦክሲቴትራሳይክሊን ተሻገረ። «ደሙን ብናየውስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «በምን?» አለኝ። መደርደሪያው ላይ ማይክሮስኮፕ አለ፤ ከነመሸፈኛ ላስቲኩ። የደም ሴል መቁጠሪያ መስታወት የለም፣ ማቅለሚያ የለም፣ የደም መውሰጃ ብልቃጥ የለም። ያለው መርፌና መድኃኒት ነው።

ውርንጭላው በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ያ ወጣት ባለሙያ ራሱ መጥቶ ደረቱን ከፈተው፤ ለማወቅ ስለፈለገ እንጂ ማንም አላዘዘውም። ጤናማ ሳንባ ሲነኩት እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፤ ይህ ግን ጉበት መስሎ ጠጥሯል። ቢላው ሲያልፍበት ከባቄላ ፍሬ እስከ ዶሮ እንቁላል የሚያህሉ እብጠቶች ተከፈቱ፤ ውስጣቸው እንደ አይብ የረጋ መግል ነው። አባቴ ፊታቸውን አዞሩ። ባዝራዋ ሦስት ቀን በጋጣው ደጃፍ እያሽካካች ቆየች፤ ጡቷ ተወጥሮ ወተቱ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

እንዲህ ያለ መግል በሦስትና በአራት ወር ውርንጭላ ሳንባ ውስጥ ሲገኝ በመጀመሪያ የሚጠረጠር አንድ ባክቴሪያ አለ፤ ሮዶኮከስ ኢኩዊ ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1923 ስዊድን ውስጥ ነው። ኑሮው አፈርና ፋንድያ ውስጥ ነው። በበጋ፣ መሬቱ ደርቆ አቧራው ሲነሳ ውርንጭላው ከአየር ጋር ይስበዋል። ብዙውን ጊዜ የሚያዘው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው፤ ሳሉ የሚሰማው ግን ከአንድ እስከ አራት ወር ባለው ዕድሜው ነው። በዚህ መሐል ውርንጭላው እየጠባና እየቦረቀ ሳንባው በዝምታ ይበላል። ባክቴሪያውን የከፋ የሚያደርገው መሸሸጊያው ነው፤ ሳንባን የሚጠብቁት ሴሎች ሲውጡት አይሞትም፣ እዚያው ውስጣቸው ይራባል። ሌባው ዘበኛው ቤት ገብቶ ተደብቋል ማለት ነው። ፔኒሲሊን እዚያ ድረስ ዘልቆ አያገኘውም።

የውርንጭላ ሳንባ ምች ሁሉ ግን ከዚህ ባክቴሪያ አይመጣም። ስትሬፕቶኮከስ ዙኤፒደሚከስ የሚባለውም የተለመደ መንስኤ ነው፤ እሱን ፔኒሲሊን በደንብ ይገድለዋል። ከባክቴሪያ ውጭም ሳል አለ። የፈረስ ወስፋት እጮች ከአንጀት ተነስተው በሳንባ በኩል ሲያልፉ ውርንጭላ ያስላል። ከአህያ ጋር አንድ መስክ የሚግጥ ፈረስ ደግሞ የአህያን የሳንባ ትል ይወስዳል፤ አህያዋ ራሷ ምንም ሳትመስል ፈረሱን ታስለዋለች። በእኛ አገር አህያና ፈረስ የማይለያዩ መሆናቸውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሳሉ ሲሰማ ግን ሁሉም ያው ሳል ነው፤ ጆሮ አይለየውም።

የደም ምርመራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው የነጭ የደም ሴሎች ቆጠራ ነው። ሮዶኮከስ በሚያስቸግራቸው የውጭ አገር የፈረስ ማራቢያዎች ሐኪሞች ውርንጭሎችን በየጊዜው እየቆጠሩ ሲከታተሉ፣ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ነጩ ሴል ከ13 ሺህ ሲያልፍ መጠርጠር፣ ከ15 ሺህ ሲያልፍ ደግሞ ሳንባውን በጥብቅ መመርመር ይጀምራሉ። ሁለተኛው ፋይብሪኖጅን ነው፤ ሰውነት ውስጥ የሕመም መቆጣት (ብግነት) ሲኖር ጉበት የሚያበዛው የደም ፕሮቲን ነው፤ በዴሲ ሊትር ከ400 ሚሊ ግራም ሲዘል ያሳስባል። ከሁለቱ ነጭ ሴሉ የተሻለ ምልክት ሰጪ ሆኖ ተገኝቷል። ሴረም አሚሎይድ ኤ የሚባል ሦስተኛም አለ፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወጣል፣ ሕመሙ ሲበርድም ፈጥኖ ይወርዳል። እሱን ለመለካት ልዩ ኪት ስለሚያስፈልግ የእኛ ወረዳዎች መጀመሪያ ሊሆን አይገባም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለመሥራት ምን ያህል ነገር እንደሚያስፈልግ ከእጄ ሥራ ልንገራችሁ። ነጭ ሴል ለመቁጠር 20 ማይክሮ ሊትር ደም ከ380 ማይክሮ ሊትር የቱርክ ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል። ፈሳሹ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ቀዩን ሴል ያፈርሳል፤ ቀለሙ የነጩን አስኳል ያሳያል። በመቁጠሪያው መስታወት አራት ማዕዘኖች ላይ ያሉትን ሴሎች ቆጥሮ በ50 ማባዛት ነው። ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ በመስታወት በሚሠራ ማይክሮስኮፕ በፀሐይ ብርሃን ይሠራል። ለፋይብሪኖጅን ደግሞ ደሙ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል፤ አንደኛው በ56 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ይሽከረከራል። ሙቀቱ ፋይብሪኖጅኑን ያረጋዋል፤ የሁለቱ ቱቦዎች ፕሮቲን በሪፍራክቶሜትር (በብርሃን መታጠፍ ፕሮቲን በሚለካ ትንሽ መሣሪያ) ተለክቶ ልዩነቱ ሲወሰድ መልሱ ያ ነው። በጣም ረቂቅ ልኬት አይደለም፤ ከመገመት ግን እጅግ ይሻላል። የሰው ጤና ጣቢያዎቻችን የነጭ ሴሉን ቆጠራ ለዓመታት በእጅ ሲሠሩት ኖረዋል።

ሁለተኛው ታሪክ ይኸው ነው። ባዝራዋ በተከታዩ ዓመት በየካቲት ሴት ወለደች። በሰኔ፣ በአራተኛ ወሯ፣ እሷም ማሳል ጀመረች። አባቴ ስልክ ደውለው «ልጄ፣ ያ ነገር ተመልሶ መጣ» አሉኝ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። በዚያው ሳምንት ሐምራዊ ክዳን ያላቸው ብልቃጦች ይዤ ወጣሁ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ ያለባቸው ናቸው። ያን ወጣት ባለሙያ ጠራሁት። ከአንገቷ ደም ሥር አምስት ሚሊ ሊትር ቀዳልን። እንዳትንፈራገጥ እናቷ አጠገብ አቁመን፣ አባቴ ጋማዋን እያሻሹ ነበር የቀዳነው፤ የደነገጠና የታገለ ውርንጭላ ነጭ ሴሉ በድንጋጤው ብቻ ከፍ ይላልና። ብልቃጡን በክትባት መያዣ ሣጥን አድርጌ በማለዳው አውቶቡስ ደሴ ገባሁ። አንድ የእንስሳት ሕክምና መምህር በፈቀዱልኝ ማይክሮስኮፕ፣ በራሴ መቁጠሪያ መስታወት፣ ከሰዓት በኋላ ተቀመጥኩ።

182 ቆጠርኩ። አላመንኩም፤ ከሌላ ጠብታ ደግሜ ቆጠርኩ፤ 179። በ50 ሲባዛ ዘጠኝ ሺህ አካባቢ ነው። ፋይብሪኖጅኗም 300 ገደማ ሆነ። ፋንድያዋን ሳይ የወስፋት እንቁላል ሞልቶበታል። መምህሩ ውጤቱን አይተው፣ ትኩሳት እንደሌላትና በደንብ እንደምትጠባ ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ የትል መድኃኒት ብቻ አዘዙ፤ በአሥር ቀን ውስጥ ደሟ እንደገና እንዲታይም አሳሰቡ። እንደገና ሳየው ያው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሳሉ ጠፋ። አንድም የፔኒሲሊን መርፌ አልተወጋችም። ያ ወጣት ባለሙያ በስልክ ቁጥሩን ስነግረው ለአፍታ ዝም ብሎ «ለካ ይሄ ይቻል ኖሯል» አለኝ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ይህ ንግግሩ ነው።

ደም የሚነግረን ግን ልክ አለው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ የገዛ ሙያዬን እበድላለሁ። ከፍ ያለ ነጭ ሴል «እዚህ እንስሳ ውስጥ ጦርነት አለ» ይላል እንጂ ጦርነቱ የት እንደሆነና ጠላቱ ማን እንደሆነ አይናገርም። እትብቱ ያመረቀዘ ወይም መገጣጠሚያው ያበጠ ውርንጭላም ቁጥሩ ያሻቅባል። በሌላ በኩል ኢንፌክሽን ደሙን ሁሉ የወረረው ገና የተወለደ ውርንጭላ ነጭ ሴሉ አልቆበት ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ያን ዝቅታ ጤና ብሎ ማንበብ መግደል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከትኩሳቱ፣ ከአተነፋፈሱና ከዕድሜው ጋር አብሮ ይነበባል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሳሉም ትኩሳቱም ካለ ቀጣዩ እርምጃ ሳንባውን በአልትራሳውንድ ማየትና ከአየር ቧንቧው በፈሳሽ ታጥቦ የሚወጣ ናሙና መውሰድ ነው። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ባክቴሪያው ይበቅላል፣ በፒሲአር (ዘረመልን አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) ደግሞ አደገኛውን ዝርያ የሚለየው ቫፕኤ የተባለው ዘረመል ይፈለጋል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናለሁ። ባክቴሪያውን የሚከላከለውን አንቲቦዲ በደም ውስጥ የሚለኩ ምርመራዎች አሉ፤ ስማቸው ሲሰማ ለዚህ ጉዳይ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ገንዘብ አታውጡባቸው። ባክቴሪያው ፈረስ በኖረበት አፈር ሁሉ ስለሚገኝ ጤነኛው ውርንጭላም አንቲቦዲ አለው፤ ከእናቱ እንገር የጠጣውም ደሙ ውስጥ ይቆያል። የታመመውን ካልታመመው አይለዩም። በዓለም ላይ ተሞክረው ለምርመራ እንደማይጠቅሙ ታይቷል።

ስለ መድኃኒቱ ስናገር የሰው ጤና ባለሙያነቴ ይጮኽብኛል። ሮዶኮከስ የሚታከመው ሴል ውስጥ በሚገቡ መድኃኒቶች ነው፤ እንደ አዚትሮማይሲን ወይም ክላሪትሮማይሲን ያለ አንዱ ከሪፋምፒሲን ጋር ተጣምሮ፣ ለሳምንታት። አዚትሮማይሲን በክልላችን ለትራኮማ ዘመቻ በየቀበሌው የሚታደለው መድኃኒት ነው። ሪፋምፒሲን የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ምሰሶ ነው፤ እኔ በየቀኑ አክታቸውን የማየው ሰዎች ሕይወታቸው በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል። እነዚህን መድኃኒቶች ላሳለ ውርንጭላ ሁሉ መርጨት ምን እንደሚያመጣ በአሜሪካ ታይቷል። አልትራሳውንድ ትንሽ ቁስል ያሳየባቸውን ውርንጭሎች ሁሉ ማከም በተለመደባቸው ማራቢያዎች መድኃኒቱን የለመደ ሮዶኮከስ ተስፋፋ፤ በኋላ ሲጠና ደግሞ ትንንሽ ቁስል የነበረባቸው ብዙዎቹ ያለ መድኃኒት ይድኑ እንደነበር ታወቀ። ስለዚህ «መድኃኒቱን አስመጡልን» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ፣ መጀመሪያ «ምርመራውስ?» በሉት። እኔ ራሴ ምርመራ ሳይኖር ሪፋምፒሲን በእንስሳት ክሊኒክ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ አልፈልግም፤ የአባቴ ውርንጭላ ቢሆንም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፈረስ በብዛት በሚገኝባቸው የደጋ ወረዳዎች፣ በለጋምቦ፣ በወረኢሉ፣ በደላንታ፣ በመቄት፣ በዋድላ፣ በእያንዳንዱ አንድ ክሊኒክ መቁጠሪያ መስታወት፣ የቱርክ ፈሳሽ፣ ትንሽ ሴንትሪፉጅ፣ ሪፍራክቶሜትርና ሐምራዊ ክዳን ያላቸው ብልቃጦች ይኑሩት። ማይክሮስኮፑ በብዙ ቦታ አለ፤ ላስቲኩ ይገፈፍ። ሴንትሪፉጁን ለመግዛት በጀት ካልተገኘ በቆጠራው ብቻ ይጀመር፤ ግማሹ እንኳ ከዜሮ ይሻላል። የታመመው ውርንጭላ ሲመጣ ብቻ ሳይሆን በዚያው ጎጥ ያሉ እኩዮቹም አንድ ጊዜ ይቆጠሩ፤ ይህ በሽታ ከመታየቱ በፊት ነው የሚሠራው። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ውርንጭላ ናሙና ደግሞ የሚሄድበት መንገድ ይታወቅ። ከደሴ ቁልቁል ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለን፤ ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለን። ሁለቱም እዚሁ እያሉ የለጋምቦ ገበሬ ናሙናውን ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። ናሙናውን በማለዳው አውቶቡስ የሚያደርስ፣ ውጤቱን በስልክ የሚመልስ አንድ ሰው ይመደብ። እኔ አድርጌው አይቻለሁ፤ አውቶቡሱ ይደርሳል።

ለፈረስ ይህን ያህል ምን አስጨነቀ የሚል ከመካከላችሁ ሊኖር ይችላል። ለበሬው የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት በዘመቻ ይወጣል፤ ይገባዋልም። ፈረስ ግን አይታለብም፣ አይታረድም፤ ስለዚህ ከሪፖርቱ ይወድቃል። ነገሥታቱ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረሳቸው ስም በተጠሩበት አገር ዛሬ የፈረስ ውርንጭላ ሲሞት የሚመዘግበው መዝገብ የለም። የደጋው ገበሬ አንድ ውርንጭላ ሞተበት ማለት የዓመታት የወፍጮ መንገድ፣ የገበያ መንገድ፣ የሐኪም ቤት መንገድ ሞተበት ማለት ነው። ባዝራ አሥራ አንድ ወር አርግዛ ነው አንድ የምትወልደው፤ እንደ ፍየል መንታ አትተካም።

ቆጠራውን የሚያሠለጥን ከጠፋ እኔ አለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሥራ የለኝም። የመቁጠሪያ መስታወቴንና ፈሳሹን ይዤ፣ የመጓጓዣዬን ራሴ ችዬ፣ ወደምትጠሩኝ ወረዳ እመጣለሁ፤ በአንድ ቀን ለሁለት ሦስት ባለሙያ ቆጠራውን ማስተማር ይቻላል። የመጀመሪያው ሠልጣኝ ማን መሆን እንዳለበት አውቃለሁ፤ ያ ወጣት ባለሙያ እንደጠየቀኝ ነው።

ባዝራዋ ደግማ አርግዛለች። አባቴ ቆጥረው በመጋቢት ትወልዳለች ይላሉ፤ መጋቢት ደግሞ አቧራ ነው። መልሳችሁን ከዚያ በፊት እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከደሴ